በጥዋለት ደሴት የቆመው ቤትና ባለቤቶቹ

የአንድ አሮጌ ቤት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ጸሓፊው አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው የግድግዳውን ውፍረትና የጣራውን ከፍታ በመለካት ነው። ነገር ግን ግድግዳና ጣራ ብቻውን ሕንጻ ይባላል እንጂ ቤት አይባልም። በቋንቋችን «ቤት» የሚለው ቃል መኖሪያውንና በውስጡ የሚኖረውን ወገን አጣምሮ ይይዛል፤ «የእገሌ ቤት» ስንል ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን አባትን፥ ልጅንና የልጅ ልጅን ማለታችን ነው። ስለዚህ የቤትን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ቤቱን ማን ሠራው? ከሠሪው እጅ ወደ ማን ተላለፈ? በሚፈርስበትስ ጊዜ የማደስ ግዴታ ያለበት ማን ነው?

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በምጽዋ ወደብ ፊት ለፊት፥ በጥዋለት ደሴት ላይ ለቆመው ታላቅ ቤት ብናቀርብ፥ ለመጀመሪያው መልስ እናገኛለን። የሁለተኛው መልስ ረዥም ነው፤ የአምስት መንግሥታትንም ስም ያስቈጥራል። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው።

የቤቱ ጕዳይ በየዘመኑ ሲጻፍ የኖረው በአብዛኛው በውጭ አገር ሰዎች ብዕር ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ስለ ቦታው

ምጽዋ፥ በጥንታዊ ስሟ ባጽዕ፥ የተሠራችው በሁለት ደሴቶችና ከእነርሱ ትይዩ ባለው የየብስ ጠርዝ ላይ ነው። ወደ ባሕሩ የወጣችው ደሴት አሮጌዋ የነጋዴዎች ከተማ ስትሆን፥ በእርሷና በየብሱ መካከል ያለችው ደሴት ጥዋለት ትባላለች። ሙቀቷ በዓመት ውስጥ በአማካይ ወደ 30 ዲግሪ የሚደርስ ስለ ሆነ፥ በዚህች ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ነፋስና ስለ ጥላ ነው። ዝናሟ ጥቂት ነው፤ እርሱም የሚዘንበው ደጋው ደረቅ በሚሆንበት በክረምቱ ተቃራኒ ወራት ነው።

ቱርኮች በ1557 ዓ.ም. በኦዝደሚር ፓሻ አዛዥነት ምጽዋን ያዙ። ጥዋለት ላይ ያለው የቤቱ ቦታ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የገዥ መቀመጫ እንደ ነበረ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ይሁን እንጂ ቱርኮች ከጥቂት ጊዜ በኋላ የየብሱን አስተዳደር በሕርጊጎ ለተቀመጡት ናይቦች ትተውት ነበርና፥ ለብዙ ዘመን የወደቡ እውነተኛ ባለሥልጣኖች እነዚህ የበለው ወገን ሰዎች ነበሩ። «ናይብ» ማለት ምክትል ማለት ነው። የቦታው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ ባለቤቱ በእስታንቡል ተቀምጦ ምክትሉ በሕርጊጎ ይገዛ ነበር።

በ1865 ዓ.ም. የቱርክ ሱልጣን ምጽዋንና ሱዋኪንን በየዓመቱ ለሚከፈል ገንዘብ ለግብጹ ገዥ ለእስማኤል አስረከበ። ነጋዴዎች ይህን ዐይነት ውል ያውቁታል፤ ስሙ የቱንም ያህል ቢከብር ከኪራይ የራቀ አይደለም። ስለዚህ በጥዋለት የምንናገርለት ቤት በተሠራ ጊዜ፥ አሠሪው የተከራይ ሹም ነበር ማለት ነው።

ቤቱን ያሠራው ሰው

ይህ ሹም ወርነር ሙንዚንገር ይባላል። በ1832 ዓ.ም. በስዊስ አገር ኦልተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዮሴፍ ሙንዚንገር በ1848 ዓ.ም. የስዊስ ኅብረት ሲቋቋም ከተመረጡት ከሰባቱ የመጀመሪያ የመንግሥት ምክር አባሎች አንዱ ነበር፤ በ1851 ዓ.ም. ደግሞ የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ሆኗል። እንግዲህ ልጁ በአገሩ ቢቀመጥ የከበረ ቤት ይጠብቀው ነበር። እርሱ ግን በበርን፥ በሙኒክና በፓሪስ ከተማረ በኋላ በ1852 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከንግድ ጕዞ ጋር ወደ ቀይ ባሕር መጣ።

ንግዱ አልያዘውም፤ አገሩ ግን ያዘው። በ1855 ዓ.ም. ወደ ከረን ወጥቶ በቦጎስ ሕዝብ መካከል ተቀመጠ፤ ከዚያው አገር ሴት አገባ፤ የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ ተማረ። በ1859 ዓ.ም. በጀርመንኛ ያሳተመው መጽሐፍ የቦጎስን ልማድና ሕግ የሚመለከት ነው። ስለ ውርስ፥ ስለ ደም ካሳና ስለ ጋብቻ የሽማግሌዎች ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ በአውሮፓ የተነበበው በዚህ መጽሐፍ ነው። በ1865 ዓ.ም. ደግሞ የትግረ ቋንቋ የቃላት ስብስብ በላይፕሲክ አሳተመ። የሰውን ቋንቋ በቃል በቃሉ ለመሰብሰብ የሚደክም ሰው ለዚያ ሕዝብ ክብር ያለው መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ዕውቀት የሚያገለግለው የተቀጠረበትን ጌታ ነውና፥ ያው ዕውቀት ቈይቶ ለጦር መንገድ መሪ ሆነ።

በ1860ዎቹ ዓመታት ሙንዚንገር በምጽዋ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ሆኖ ሠራ። እንግሊዞች በ1867 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በዙላ ሲወርዱ መንገዱን ከመረመሩላቸውና ከመሩአቸው ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። በ1871 ዓ.ም. የግብጹ እስማኤል የቤይ ማዕርግ ሰጥቶ የምጽዋ ገዥ አደረገው፤ ቈይቶም ፓሻ ተባለ፤ ሥልጣኑም ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሰፋ።

የጥዋለት ቤት የተሠራው በዚህ ጊዜ፥ ከ1872 እስከ 1874 ዓ.ም. ባለው ዘመን ነው። ቅስቶቹ ሰፊ፥ ግድግዳዎቹ ነጭ፥ በአናቱ ጉልላት ያለው፥ ከውኃው ጠርዝ ሆኖ ወደቡን በሙሉ የሚያይ ቤት ነበር። ገዥው ከበረንዳው ሆኖ የመርከቡን መግባት ማየት ይችል ነበር።

ሆኖም ሙንዚንገር ለምጽዋ ያቆመው ቤቱን ብቻ አልነበረም። ከእርሱ ዘመን በፊት ከደሴቲቱ ወደ የብሱ መሻገር በጀልባ ነበር፤ የመጠጥ ውኃም ከእምኩሉና ከሕርጊጎ ጕድጓዶች በአቁማዳ ተጭኖ በየቀኑ ይመጣ ነበር። እርሱ ሁለቱን ደሴቶች እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር የሚያገናኝ የድንጋይ መንገድ በባሕሩ ውስጥ አስደለደለ፤ ከእምኩሉም ወደ ከተማው የውኃ መስመር አስዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ግመል ጭነቱን ሳያራግፍ በእግሩ እየሄደ ወደ ጥዋለት ይገባ ጀመር። ይህ ለነጋዴው ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ መጫንና ሦስት ጊዜ መጫን በዋጋው ላይ የሚያመጣውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋልና።

አሠሪው ያልተኛበት ሰላም

ሙንዚንገር ቤቱን በሚያሠራበት በዚያው በ1872 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በሌላ በኩል በዘመቻ ላይ በነበሩበት ጊዜ ከምጽዋ ወታደር አስነሥቶ ከረንን ያዘ። ቋንቋውን የተማረበትን፥ ሚስት ያገባበትን፥ ሕጉን ጽፎ ያሳተመበትን አገር በግብጽ ባንዲራ ሥር አዋለው። ሽማግሌዎቹ ሲነግሩት የጻፈው ሕግ ስለ ድንበርና ስለ ባላገር መብት የሚናገረውን እርሱ ከማንም የበለጠ ያውቅ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደ ተባለው፥ የከረን መያዝ በዐፄ ዮሐንስ ዘንድ የአጥር መነቅነቅ ሆኖ ተቈጠረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለተነሣው የግብጽና የኢትዮጵያ ጦርነት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በ1875 ዓ.ም. ግብጾች በብዙ አቅጣጫ ጦር ላኩ። ሙንዚንገር ከታጁራ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ፥ ወደ ንጉሥ ምኒልክ እንዲያልፍ ታዘዘ። ሚስቱም አብራው ነበረች። በኅዳር ወር በአውሳ አጠገብ በሌሊት አፋሮች በሰፈሩ ላይ ወድቀው ሙንዚንገርን፥ ሚስቱንና ከተከተሉት ሰዎች አብዛኞቹን ገደሉ። በዚያው ሰሞን በሰሜኑ በኩል የገባው የግብጽ ጦር ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ ከሞቱትም መካከል የምጽዋ ገዥ የነበረው አርመናዊው አርከል ቤይ ይገኛል። ስለዚህ ቤቱ ከተፈጸመ ዓመት ከጥቂት ወራት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፥ ያሠራው ሰውና በምጽዋ ሹመት የተተካው ሰው በአንድ ሰሞን፥ አንዱ በበረሃ አንዱ በመረብ ዳር ወደቁ። በመጋቢት 1876 ዓ.ም. በጉራዕ የተደረገው ሁለተኛው ጦርነትም የግብጽን ተስፋ ቈረጠው።

ከቤቱ ያልተወለደ ወራሽ

ሙንዚንገር በጥዋለት ቤቱ ውስጥ ያስቀመጠው ወራሽ የለም። ነገር ግን ቤቱ ከመሠራቱ አስቀድሞ በምጽዋ ያደረገው አንድ ነገር ነበር፤ በመጨረሻው ሚዛን ከጉልላቱ ይልቅ የሚከብደውም ይህ ይመስለናል።

በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ በ1856 ዓ.ም. ገደማ የተወለደ አንድ የኦሮሞ ልጅ አባቱ ከሞተ በኋላ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቆ፥ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ዓ.ም. ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት እንደ ወንድም እንዲቀበሉት የተለመነለት የባሪያው ስም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ስዊድን ሄዶ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በእምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ። በዚህ ሥራ የረዳችው አስቴር ጋኖ ናት፤ እርሷም እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ ወጥታ በእምኩሉ የተማረች ነበረች። ሐዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. በዚያው በእምኩሉ ታተመ፤ መጽሐፉ በሙሉ ደግሞ በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ነጻ ያወጣው ሰው ትቶት የመጣውን አገር፥ ነጻ የወጣው ሰው የሕይወቱን ሥራ ይዞ ደረሰበት። ኦኔሲሞስ በ1931 ዓ.ም. በወለጋ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሲያስተምር ኖሯል።

የምጽዋን ቤቶች ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጕዳይ በቤቱ ታሪክ ውስጥ አያገቡትም። እኛ ግን በውርስ ሒሳብ ውስጥ መግባት ያለበት ይመስለናል። አንድ ሰው በአንዲት ከተማ ከረንን ለመውሰድ ጦር የላከበትን ቤት አሠራ፤ በዚያችው ከተማ አንድ የተሸጠ ልጅ ነጻ አወጣ። የከረኑ ድል 12 ዓመት ብቻ ቈየ። የልጁ ሥራ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከሰራያ ወደ ፓላሶ

ሰኔ 3 ቀን 1884 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር፥ እንግሊዛዊው አድሚራል ሂዌትና በዚያ ጊዜ የምጽዋ ገዥ የነበረው አሜሪካዊ ሜሰን ቤይ በአድዋ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ውል ፈረሙ። በውሉ መሠረት የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በምጽዋ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውና ከኢትዮጵያ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ፥ የጦር መሣሪያም ጭምር፥ በነጻ እንዲያልፍ ይፈቀዳል። የኢትዮጵያ ነጋዴ በወደቡ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ በጽሑፍ የተፈቀደለት በዚህ ውል ነበር። የግብጹ ገዥ ከረንን ለማግኘት ሲል ምጽዋንም ሊያጣ ተቃርቦ ነበርና፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት በእርሱ ላይ ተፈጸመ።

ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ሲሆነው፥ በየካቲት 5 ቀን 1885 ዓ.ም.፥ አድሚራል ካይሚ የኢጣልያን ባንዲራ በምጽዋ ሰቀለ፤ በኮሎኔል ሳሌታ የሚመራው ጦርም ወረደ። ነጻ መተላለፊያ የተባለው ወደብ በውሉ ላይ ስሙ ያልተጻፈ አዲስ ጌታ አገኘ።

በዚህ ጊዜ የቤቱ ስም ተለወጠ። ለተርጓሚ ሥራ ቅርብ የሆነ ሰው በዚህ ላይ ጥቂት ሊቆም ይገባዋል። በቱርክና በግብጽ አስተዳደር የገዥ መቀመጫ «ሰራያ» ይባላል፤ ቃሉ ከፋርስ የመጣ ነው። ኢጣልያኖች የገዥን መቀመጫ «ፓላሶ» ይሉታል፤ ይህ ደግሞ በሮማ ቄሣሮች ከኖሩበት ከፓላቲኖ ኰረብታ የተገኘ ቃል ነው። በአማርኛ ቈይቶ «ግቢ» ተባለ፤ በአጥር የተከበበውን፥ የሚገባበትንና ደጅ የሚጠናበትን ቦታ ያመለክታል። በመዝገብ ላይ ሦስቱ ቃላት አንዱ የሌላው ትርጕም ሆነው ይጻፋሉ። ሲታሰብ ግን ሰራያው ግብር የሚሰበሰብበት፥ ፓላሶው ትእዛዝ የሚወጣበት፥ ግቢው አቤቱታ የሚቀርብበት ነው። ከሦስቱ አንዱም አባት ለልጁ የሚያወርሰው ቤት ማለት አይደለም። የጥዋለቱ ቤት ችግር በስሞቹ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ኢጣልያ በጥር 1 ቀን 1890 ዓ.ም. ኤርትራ የተባለችውን ቅኝ አገር ስታቋቁም ዋና ከተማዋ ምጽዋ ነበረች። ጋንዶልፊ፥ ባራቲየሪና ባልዲሴራ እየተከታተሉ አስተዳደሩ። ባራቲየሪ በየካቲት ወር በእኛ አቈጣጠር፥ በመጋቢት 1 ቀን 1896 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በአድዋ ድል ተመታ። ከ1897 እስከ 1907 ዓ.ም. በገዥነት በተቀመጠው በፈርዲናንዶ ማርቲኒ ዘመን የመንግሥቱ መቀመጫ ከሙቀቱ ወጥቶ ወደ አስመራ ደጋ ተዛወረ። በ1911 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ አስመራ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣን በደጋ፥ ገንዘብ በቈላ ሆነ። ጥዋለት ያለው ቤት አላፊ እንግዳ የሚያርፍበት ቤት ሆኖ ቀረ።

በ1921 ዓ.ም. ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ምጽዋን መታ። ከአሮጌዋ ከተማ ብዙው ፈረሰ፤ ዛሬ የምናያቸው ብዙ ሕንጻዎች ከዚያ ወዲህ የታደሱ ወይም እንደ ገና የተሠሩ ናቸው። በሚያዝያ 8 ቀን 1941 ዓ.ም. ከተማዋ በእንግሊዝና በአጋሮቿ ጦር እጅ ገባች፤ ኢጣልያኖችም ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቻቸውን በመግቢያው ላይ አሰጠሟቸው።

ከግቢ ወደ ፍርስራሽ

በ1952 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌደሬሽን ስትተሳሰር የጥዋለቱ ቤት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የክረምት ወራት ማረፊያ ቤተ መንግሥት ሆነ። «ክረምት» ስንል የአውሮፓውን ክረምት ማለታችን ነው፤ ምጽዋ ለመኖር የምትመቸው በእነዚያ በታኅሣሥና በጥር ወራት ነውና። በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ የባሕር ኃይል በምጽዋ ሲቋቋም፥ ዕጩ መኰንኖች በሚመረቁበት ጊዜ በሚደረገው ዓመታዊ በዓል ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያ ይወርዱ ነበር፤ የልዩ ልዩ መንግሥታት የጦር መርከቦችም በወደቡ ይሰለፉ ነበር።

ፌደሬሽኑ በ1962 ዓ.ም. ፈረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1974 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ምጽዋ የደረሰው በኃይል ነው። በየካቲት 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ከተማዋን በያዘበት ውጊያ፥ ከዚያም በተከተለው የአውሮፕላን ድብደባ ምጽዋ ተቃጠለች። የጥዋለቱ ቤት ጉልላት ተሰበረ፤ ግድግዳው ተበሳሳ። በ1991 ዓ.ም. ጦርነቱ አልቆ፥ በ1993 ዓ.ም. ኤርትራ ራስዋን የቻለች መንግሥት ከሆነች በኋላም ቤቱ እንደ ተመታ ቆሟል። ዛሬ የሚያየው ሰው ለጦርነቱ መታሰቢያ የቆመ ያህል ሊመስለው ይችላል። ሆኖም መታሰቢያ ታስቦ የሚሠራ ነው፤ የተተወ ቤት ግን ራሱን እያፈረሰ የሚሄድ ነው።

የነጋዴዎቹ ቤቶች

ከጥዋለት ወደ ምጽዋ ደሴት የተሻገረ ሰው ሌላ ዐይነት ቤት ያገኛል። የአሮጌዋ ከተማ የነጋዴዎች ቤቶች የተሠሩት ከባሕሩ ውስጥ ተፈልፍሎ በወጣ የዛጐል ድንጋይ ነው። ኖራውም የሚገኘው ያንኑ ድንጋይ በማቃጠል ነው። ግድግዳው እንዲተሳሰር በድንጋዩ ረድፎች መካከል እንጨት እየተጋደመ ይገባል። ወደ ውጭ የወጡት የተጠረቡ የእንጨት መስኮቶች ነፋሱን ያስገባሉ፤ በውስጥ ያለችውን ሴት ግን ለመንገደኛ ዐይን አይሰጡም። ምድር ቤቱ መጋዘንና ሱቅ፥ ፎቁ የቤተሰብ መኖሪያ፥ ሰገነቱ የሌሊት መኝታ ነው። የዳህላክ ሉልና የሉል ዛጐል፥ ቆዳ፥ ሰም፥ ቡና፥ የሕንድ ጥጥ ጨርቅ በእነዚህ ምድር ቤቶች ተከማችተዋል። የሐድራሞት፥ የየመን፥ የሕንድ፥ የግብጽና የአገሩም ነጋዴዎች በላያቸው ልጆቻቸውን አሳድገዋል።

እነዚህ ቤቶች ከገዥው ቤት የሚለዩበት ነገር ባለቤታቸው በሹመት የማይለወጥ መሆኑ ነው። የዛጐል ድንጋይ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ጨው ያለበትን እርጥበት ከሥር ይስባል፤ ስለዚህ በየጊዜው ኖራ መቀባት አለበት። አባት የሚያደርገውን ልጅ እያየ ያድጋል፤ ኖራ የሚቀባበትን ወር፥ የበሰበሰ እንጨት የሚታወቅበትን ምልክት፥ የጣራ ውኃ የሚሄድበትን አቅጣጫ በትምህርት ቤት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ይማራል። የጥዋለቱን ቤት የጐደለው ይህ ነው። ፓሻው ለቤይ፥ ቤዩ ለጄኔራል፥ ጄኔራሉ ለመኰንን ያስረከበው ቍልፉን ነው እንጂ ይህን ዕውቀት አይደለም።

ይሁን እንጂ የቤተሰብ ቤት ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። በሸሪዓ ሕግ ውርስ በየድርሻው ይከፈላልና፥ ከሦስት ትውልድ በኋላ አንድ ቤት ለብዙ ባለድርሻዎች ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህም አንዱ በጅዳ፥ አንዱ በካርቱም፥ አንዱ በአውሮፓ ይኖራል። ጣራው ሲያፈስ ሁሉም ባለቤት ነው፤ ለጥገናው ገንዘብ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ወንድሙን ይጠብቃል። ስለዚህ የገዥው ቤት ወራሽ በማጣት፥ የነጋዴው ቤት ወራሽ በመብዛት ይፈርሳል። ሁለቱም በሽታዎች መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ስሙ የታወቀ ኃላፊ፥ የተመደበ ገንዘብና የሚጻፍ መዝገብ።

ምን ይደረግ?

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላሉ። አስተዳዳሪ የሚጠብቀውን ቤት ራሱ ካላከበረው፥ ከውጭ የሚመጣ ረዳት እንዲያከብረው መጠበቅ ከንቱ ነው። የጥዋለቱን ቤት ለማዳን የሚያስብ መንግሥት መጀመሪያ ሊሠራው የሚችለው ነገር ብዙ ወርቅ የሚጠይቅ አይደለም። የቆመው ግድግዳ እንዳይወድቅ መደገፍ፥ የዝናም ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ፥ እያንዳንዱን ክፍል ለክቶ በሥዕል ማስቀረት፥ የወደቀውንም ጠርብ እንጨትና ድንጋይ እንዳይዘረፍ መዝግቦ መሰብሰብ ነው። ይህ ከተደረገ ማደሱ ለሚቀጥለው ትውልድ ቢቈይ እንኳ የሚታደስ ነገር ይገኛል።

ሁለተኛው ነገር የጥገናውን ዕቃ ይመለከታል። በዛጐል ድንጋይና በኖራ የተሠራን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ብዙ ሰው ጠንካራ ሥራ ይመስለዋል። ሲሚንቶ ግን ግድግዳው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል፤ በውስጥ የቀረው እርጥበትና ጨው ድንጋዩን ይበላዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። በኖራ የተሠራ በኖራ ይጠገናል። በምጽዋ ቤት ያለው ነጋዴ ይህን ቢያስታውስ ለራሱም ይተርፈዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ ቤቱ ቢታደስ የማን ቤት ተብሎ ይታደስ? የፓሻው ቤት ቢባል ከረንን የወሰደውን ጦር እናከብራለን፤ የኢጣልያ ገዥ ቤት ቢባል ያለ ውል የተሰቀለውን ባንዲራ እናከብራለን፤ የንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ቢባል በ1962 ዓ.ም. የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ይቈጣል፤ የ1990ው ፍርስራሽ ብቻ ሆኖ ይቅር ቢባል ደግሞ ከዚያ በፊት በውስጡ ያለፈው ሁሉ ይረሳል። መልሱ ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን መፋቅ አይመስለንም። መዝገብ ከመሐሉ ቅጠል ሲቀደድበት የቀረውም አይታመንም። የእያንዳንዱ ባለቤት ስም፥ የገባበትና የወጣበት ዓመት፥ በቤቱ ሆኖ የሠራው ደግና ክፉ ሥራ ሁሉ በየክፍሉ ተጽፎ ቢነበብ፥ ቤቱ ለማንም የማያዳላ ምስክር ይሆናል።

ከዚያም ከዝርዝሩ መጨረሻ በአንድ ጥግ፥ በዚህ ቤት ጣራ ሥር ያላደረ የአንድ ሰው ስም ቢጻፍ እንወዳለን፤ በ1870 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ከባርነት የወጣው የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም። የባሕሩ ውስጥ መንገድ ዛሬም መንገደኛና ጭነት ያሻግራል፤ የኦኔሲሞስ ትርጕምም አንባቢ አላጣም። እነዚህ ሁለቱ ባለቤት የማይለዋወጥባቸው ሆነው የቀሩት ከመጀመሪያው ለሁሉ ስለ ተሰጡ ነው። ቤቱም የሚድነው እንደ እነርሱ የሁሉ በሆነ ቀን ነው።